ከስምንቱ ወይስ ከሁለቱ

በዚያ ዓመት የበረዶ ማኅበራችን ትርፍ ቀነሰ። እኔ ግን ሰው በሞላበት አዳራሽ ፊት ቆሜ አደገ አልኩ። አልዋሸሁም። ያቀረብኩትን ቁጥር ማንም ሒሳብ አዋቂ መልሶ ቢያካፍለው ያው እኔ ያልኩት ነው የሚወጣው። ነገሩ እስከ ዛሬ የማይለቀኝም ለዚህ ይመስለኛል። ዋሽቼ ቢሆን ኖሮ ዋሸሁ ብዬ ይቅርታ እጠይቅና ይለቀኝ ነበር። ትክክለኛ ቁጥር ተናግሮ ማፈርን ግን ማንም አላስተማረኝም።

የማኅበሩ የሒሳብ ክፍል ኃላፊ ነኝ። ተወልጄ ያደግኩት እዚሁ ጋምቤላ ከተማ፣ ከባሮ ድልድይ ብዙም ሳይርቅ ነው፤ ሒሳብ የተማርኩት ጅማ ነው። እኛ ዘንድ ጠዋት የተያዘ ዓሣ ቀትር ላይ ካልተሸጠ ለውሻም አይሆንም፤ ሙቀቱ ፋታ አይሰጥም። ነጋዴው ይህን ስለሚያውቅ ፀሐይ አናት ላይ እስክትወጣ ዛፍ ሥር ቁጭ ብሎ ይጠብቅና ዓሣውን በግማሽ ዋጋ ይወስደው ነበር። መምህራን፣ ነርሶች፣ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች፣ ከደጋ መጥተው እዚህ የከረሙ ባለሱቆች፣ ኩሌ የስደተኞች መጠለያ ጣቢያ የሚሠሩ ልጆች ብር አዋጥተን የበረዶ ፋብሪካ ያቆምነው ዓሣ አጥማጁን ከዚህ ለማውጣት ነው። አንዱ አክሲዮን አንድ ሺህ ብር፣ በጠቅላላው አሥር ሺህ አክሲዮን። በረዶውን በሰጋቱራና በጆንያ ጠቅልለን በጀልባ እስከ ማታር፣ በመኪና እስከ ኩሌ እንልካለን። በእውነት ጥሩ ሥራ ነበር፤ ዛሬም ነው።

ከመጀመሪያዎቹ ባለ አክሲዮኖች አንዷ አክስቴ ናት። የእናቴ ታላቅ እህት ናት፤ እናቴ ስትሞት ወስዳ ያሳደገችኝ እሷ ስለሆነች እናቴ ብላት ይሻላል። ዕድሜዋን ሙሉ ጤና ጣቢያ ወለል ስታጥብና አልጋ ስታነጥፍ ኖራ ጡረታ ስትወጣ፣ ያጠራቀመችውን ይዛ መጥታ ሃያ አክሲዮን ገዛች። የአክሲዮኖቿን ቁጥር ከሰርተፍኬቱ ላይ ገልብጣ በመጽሐፍ ቅዱሷ የኋላ ሽፋን ላይ ጻፈችው፤ ከ3141 እስከ 3160። የልጆቿ የልደት ቀን የተጻፈውም እዚያው ነው። በመጀመሪያው የትርፍ ድርሻዋ ሁለት የፕላስቲክ ወንበር ገዛችና እንግዳ ሲመጣ «በረዶው ላይ ተቀመጡ» ትል ጀመር። በዚህች ቀልድ ያልሳቀ ጎረቤት የለም፣ እሷ ግን በእያንዳንዱ ጊዜ አዲስ ይመስል ከሁሉም አብልጣ ትስቃለች።

ማኅበሩ ጥቂት ዓመት እንደሠራ ጥሩ ጥሩ ሠራተኞቻችን መልቀቅ ጀመሩ። መጠለያ ጣቢያዎቹ ውስጥ ያሉ ድርጅቶች የሚከፍሉትን ደመወዝ እኛ ለመክፈል አቅም የለንም። ቦርዱ መክሮ መክሮ አንድ ዘዴ አመጣ። ለሥራ አስኪያጁ፣ ለማሽን ክፍል ኃላፊውና ለእኔ በደመወዝ ጭማሪ ፈንታ የአክሲዮን መግዣ መብት ይሰጠን ተባለ። ይህ ማለት ሦስት ዓመት ከቆየን፣ በዚያን ጊዜ የአክሲዮኑ ዋጋ የትም ይድረስ የት፣ እኛ በጥንቱ በአንድ ሺህ ብር መግዛት እንችላለን ማለት ነው። ለሥራ አስኪያጁ ሦስት መቶ፣ ለሁለታችን ስልሳ ስልሳ አክሲዮን። አንድ ቅድመ ሁኔታ ተቀመጠበት። በሦስተኛው ዓመት የአንድ አክሲዮን ትርፍ ከሁለተኛው ዓመት ቢያንስ በመቶ አሥር ካላደገ መብቱ ይቀራል።

ሥራ አስኪያጁ ከልጅነቴ ጀምሮ አብሮኝ በመዘምራን የቆመ የከተማችን ልጅ ነው። ብልህ ነው። ሲናገር ሰው ያሳምናል፣ ሲዘምር ያስለቅሳል። የመጀመሪያው ዓመት ሒሳብ ሲዘጋ፣ ይህ የተሰጠን መብት ወጪ ተብሎ መመዝገብና ከትርፉ ላይ መቀነስ አለበት አልኩት። ሳቀ።

«እህቴ፣ ከካዝናችን አንዲት ብር ወጥታለች?» አለኝ። «ያልወጣ ብር እንዴት ወጪ ይባላል?»

መልሱን አውቀው ነበር። ዓሣ ሻጯ ለጀልባ ቀዛፊው በብር ፈንታ ሁለት ዓሣ ከሰጠችው ከፍላዋለች። ብር አላወጣሁምና ሁለቱ ዓሣ አሁንም ቅርጫቴ ውስጥ ናቸው ልትል አትችልም። የእኛም ደመወዝ በአክሲዮን የሚከፈል ደመወዝ ነው፤ የሚወጣው ደግሞ ከሌሎቹ ባለ አክሲዮኖች ቅርጫት ነው። ይህን ለመናገር ሁለት ደቂቃ ይበቃኝ ነበር። ግን ስልሳው የእኔ ነው። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይሉ የለ፣ «እሱስ ልክ ነህ» ብዬ ወጣሁ። ነገሩ በሒሳብ መግለጫው የመጨረሻ ገጽ ላይ፣ ማስታወሻ አሥራ አራት ተብሎ፣ በደቃቅ ፊደል ገባ። የመጣው ኦዲተር ሙቀቱ አሸንፎት እርጥብ ፎጣ አንገቱ ላይ ጠምጥሞ ነበር የሚሠራው። መጠኑ ትንሽ ነው አልኩት፤ አልተከራከረኝም።

ሦስተኛው ዓመት ሲቃረብ ነገር ተበላሸ። የበረዶ ማሽኑ ኮምፕሬሰር ማንኳኳት ጀመረ፣ የናፍጣ ዋጋም ወጣ። አዲስ ኮምፕሬሰር የምንገዛበት ሁለት ሚሊዮን ሁለት መቶ ሺህ ብር ባንክ አስቀምጠን ነበር። ቢሆንም ትርፉ በመቶ አሥር ሊያድግ ቀርቶ ባለበት ከቆመም ተመስገን ነው። አንድ የግንቦት ቀን ሥራ አስኪያጁ ቢሮው ጠራኝና ወረቀት ላይ መስመር አሰመረ። ከመስመሩ በላይ ሁለት ሚሊዮን ብሎ የዘንድሮውን ትርፍ ጻፈ፣ ከመስመሩ በታች አሥር ሺህ ብሎ የአክሲዮኖቹን ብዛት። ሲካፈል ለአንድ አክሲዮን ሁለት መቶ ብር ነው።

«ላይኛውን ማሳደግ ካቃተን» አለ፣ «ታችኛውን እናሳንሰዋ።»

ሐሳቡ ማኅበሩ የራሱን አክሲዮን ከአባላቱ መልሶ እንዲገዛ ነበር። በአንድ ሺህ አንድ መቶ ብር ሒሳብ፣ ሁለት ሺህ አክሲዮን። ሲባዛ ልክ የኮምፕሬሰሩ ብር ነው። የተገዛው አክሲዮን ከቁጥር ይወጣል፤ ትርፉ የሚካፈለው ለአሥር ሺህ መሆኑ ቀርቶ ለስምንት ሺህ ይሆናል። ትርፉ ትንሽ ቢቀንስ እንኳ የአንዱ አክሲዮን ድርሻ ያድጋል። በሕግ የተፈቀደ ነው፣ ሌላም ቦታ የሚሠራበት ነው፣ እኔም ተምሬዋለሁ። የእኛ መብት ሲደርስ የሚሰጠንም አክሲዮን ከዚያው ከተሰበሰበው ነው። ወረቀቱን አይቼ «የሚቻል ነው» አልኩ።

ጉባኤው በሰኔ ተጠርቶ አጸደቀ፤ በደስታ ነው ያጸደቀው። እዚህ አክሲዮን የሚሸጥበት ገበያ የለም፤ የቸገረው ሰው ወረቀቱን ይዞ ሲዞር ገዢ አያገኝም። ማኅበሩ ራሱ እገዛለሁ፣ ያውም መቶ ብር ጨምሬ ሲል ደግነት ነው የሚመስለው። እኔም ለራሴ ደግነት ነው ብዬ ነገርኩት። ግዢው የጀመረው ሐምሌ አንድ ነው። የበጀት ዓመቱ የሚጀምረው በዚያ ቀን ስለሆነ፣ በጊዜ የተገዛ አክሲዮን ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል ከቁጥር ውጪ ይሆንልናል። ሐምሌ ደግሞ ባሮ የሚሞላበት፣ መንገዱ የሚቆረጥበት፣ ጎተራው ባዶ የሚሆንበት ወር ነው። በሐምሌ ያለውን የሚሸጥ ሰው ተርፎት አይደለም። ይህን ሁለታችንም እናውቃለን፤ እዚሁ ነው ያደግነው።

አክስቴ ግዢው በተጀመረ በሁለተኛው ሳምንት መጣች። ዝናቡ ቀሚሷን እስከ ጉልበቷ አርሶታል። የአክስቴ ልጅ፣ ያው ወንድሜ ማለት ነው፣ ባጃጁ ከጭነት መኪና ጋር ተጋጭታ እግሩ ተሰብሮ ጅማ ሆስፒታል ተኝቶ ነበር። ሰርተፍኬቷን በላስቲክ ጠቅልላ አምጥታ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችው። የምናወራው በቋንቋችን፣ በአኝዋ ነበር።

«ይሄ አንቺ ጋ ይቀመጥልኝ» አለች። «የወንዝ ዳር በቆሎዬ ሲገባ መጥቼ እወስደዋለሁ።»

እዚህ ላይ የቤታችንን ልማድ መናገር አለብኝ። በእኛ ቤተሰብ ችግር ሲመጣ ያለህን ነገር ወደ ዘመድ ትወስዳለህ፤ ፍየል ሊሆን ይችላል፣ ብስክሌት ሊሆን ይችላል። ዘመድህ ብር ይሰጥሃል፣ ዕቃው እሱ ቤት ይቀመጣል። ተሸጠ አይባልም። ባለቤቱ ብሩን ይዞ እስኪመለስ፣ አሥር ዓመትም ይፍጅ፣ ያው የባለቤቱ ነው። ዲሙይ የምንለው ለጥሎሽ የሚሰጠው የአያቴ ሰማያዊ ዶቃ በዚህ ዓይነት ሁለት ጊዜ አቦቦ ከተማ አጎቴ ቤት ሄዶ ሁለት ጊዜ ተመልሷል። አዲስ ዲሙይ የሚሠራ ሰው የለም፣ ያለው ነው የሚዞረው፤ ስለዚህ የሰው ዶቃ ቤቱ ያለ ሰው ሌባ እንዳይባል ከራሱ ዕቃ ይልቅ ይጠነቀቅለታል። አክስቴ ወረቀቱን ለማኅበሩ አልሸጠችም። ለእህቷ ልጅ ነው የሰጠችው፤ እንድታስቀምጥላት።

ያቀረብኩላት ቅጽ ግን «አክሲዮኖቼን ሙሉ በሙሉና ለዘለቄታው ሸጫለሁ» ይላል። አማርኛ ታነባለች፣ ቀስ ብላ ነው እንጂ። ቅጹን ገልበጥ አድርጋ አየችው፣ ከዚያ እኔን አየችኝ፤ እኔ ካለሁ ማንበብ ምን ያደርግላታል። በሩ ላይ ሥራ አስኪያጁ ቆሟል። ግድግዳው ላይ የተሰበሰበውን አክሲዮን የምንጽፍበት ሰሌዳ አለ፤ በዚያ ቀን አንድ ሺህ ዘጠኝ መቶ ስልሳ ደርሰን ነበር። ለመሙላት አርባ ይቀረናል። ከዚህ ሁሉ የሚብሰውን ልናገር። በዚያን ቀን እኔ ራሴ ባንክ ውስጥ ወደ አርባ ሺህ ብር ነበረኝ። ሃያ ሁለቱን ሺህ አውጥቼ ላበድራት እችል ነበር፤ አንድም ወረቀት ሳይፈረም። ግን ብሩ በመብቴ አክሲዮን የምገዛበት ነው።

«እሺ» አልኳት።

ከአፍ የወጣ አፋፍ። ፈረመች፣ ሃያ ሁለት ሺህ ብሯን ቆጥራ ተቀበለች፣ ግንባሬን ስማኝ ሄደች። ሰሌዳው ላይ ሃያ የጨመርኩት እኔ ነኝ።

በጥር በቆሎዋ ገባ። ዘጠኝ ሺህ ብር በመሐረብ ቋጥራ መጣችና ለጊዜው ይህን ልስጥሽ፣ የቀረውን ቀስ ብዬ አመጣለሁ አለችኝ። ያኔ መንገር እችል ነበር። ሞልቶ ይምጣ፣ አትቸኩይ፣ አልኳት። አውቆ የተኛን ቢቀሰቅሱት አይሰማም ይባላል፤ እኔ አውቄ የተኛሁት ያሳደገችኝ ሴት እየቀሰቀሰችኝ ነው። ገበያ ስትመጣ በሩቅ ካየኋት በሌላ መንገድ መዞር ጀመርኩ። ልጆቼ እሷ ቤት እንሂድ ሲሉኝ ሥራ አለብኝ እላለሁ።

በመጋቢት፣ ሙቀቱ ጣሪያ በሚያቀልጥበት ወር፣ ያ የሚያንኳኳው ኮምፕሬሰር ቆመ። አዲስ የምንገዛበት ብር የለም፣ አክሲዮን ገዝተንበታል። አሮጌው ተጠግኖ እስኪመለስ ሦስት ሳምንት በረዶ ሳንሠራ ቆየን። ወንዙ ዳር ሄጄ ያየሁትን አልረሳውም። ነጋዴዎቹ እዚያው ድሮ የሚቀመጡበት ዛፍ ሥር ተመልሰው ቁጭ ብለዋል፤ አንዷ ዓሣ ሻጭ አምባዛዋን በእርጥብ ቅጠል እየሸፈነች ፀሐይዋን ቀና ብላ ታያለች። አላወቀችኝም፤ ብታውቀኝ ምን እንደምላት እንጃ።

ዓመቱ ሲዘጋ ትርፉ አንድ ሚሊዮን ስምንት መቶ አርባ ሺህ ብር ሆነ። ካለፈው ዓመት አንድ መቶ ስልሳ ሺህ ቀንሷል። ለስምንት ሺህ አካፈልኩት፤ ሁለት መቶ ሠላሳ። ለአንድ አክሲዮን ሁለት መቶ የነበረው ሁለት መቶ ሠላሳ ሆነ፣ በመቶ አሥራ አምስት አደገ። የተሰጠንን መብት ወጪ አድርጌ ብቀንሰው ኖሮ ዕድገቱ አሥር መግባቱን እንጃ፤ ስለዚህ ማስታወሻ አሥራ አራት ባለበት ማስታወሻ ሆኖ ቀረ። ቁጥሩ ካልኩሌተሩ ላይ ሲወጣ ደስ አለኝ። ይህን መጻፍ ያሳፍረኛል፣ ግን ከወንበሬ ተነሥቼ ማሽን ክፍል ድረስ ሄጄ ነው ለኃላፊው የነገርኩት። ተቃቅፈን ሳቅን።

ጠቅላላ ጉባኤው በኅዳር በቤተ ክርስቲያናችን አዳራሽ ተደረገ። እኛ ዘንድ ጉባኤ ረጅም ነው፤ በአማርኛ የተነገረው አንዱ ዓረፍተ ነገር ወደ አኝዋ፣ ከዚያ ወደ ኑዌር ይተረጎማል፣ ከዚያ ነው ሁለተኛው የሚጀመረው። ሥራ አስኪያጁ ቀደም ብሎ፣ ቁጥር አታብዢ፣ ሰው የሚገባውን ምሳሌ ስጪ ብሎኝ ነበር። ሰጠሁ። በበጋ ወንዙ ሲጎድል ሰው ተጠራርቶ ኩሬ ወርዶ ዓሣ የሚይዝበትን ነገር አነሣሁ።

«አምና አሥር ሰው ነበርን፣ አሥር ዓሣ ያዝን። ለእያንዳንዱ አንድ ዓሣ ደረሰው። ዘንድሮ ዘጠኝ ዓሣ ነው የያዝነው፣ የምንካፈለው ግን ስምንት ነን። ለእያንዳንዱ አንድ ዓሣና ትንሽ ጨምሮ ደረሰው። ድርሻችሁ አድጓል።»

ሦስቱም ቋንቋ ላይ አማረ። አስተርጓሚዎቹ ራሳቸው ፈገግ ብለው ነው የተረጎሙት። ሲጨበጨብ ሥራ አስኪያጁን አየሁት፤ ጭንቅላቱን ነቀነቀልኝ። ያን ጊዜ ነው አክስቴን ፊት ረድፍ ላይ ያየኋት። ስሟ አባላት ዝርዝር ውስጥ የለም። በሩ ላይ የቆመው አስተናጋጅ ግን የእኔ አክስት መሆኗን ስለሚያውቅ ዝርዝር ሳያይ አስገብቷታል። ነጭ ቀሚሷን ለብሳለች፣ ጭኗ ላይ ትልቅ የመሐረብ ቋጠሮ አለ። እጇን አወጣች። ሰብሳቢው እናታችን ይናገሩ አሏት።

በቋንቋችን ብትናገር ይተረጎምላት ነበር። ሁሉም እንዲሰማት ፈልጋ ይመስለኛል በአማርኛ ተናገረች፣ ጤና ጣቢያ በለመደችው አማርኛ።

«አንቺ ዓሣ ዘጠኝ አልሽ። ሰው ስምንት አልሽ። ሁለት ሰው የት ሄደ? በልቶ ነው የሄደ? እኔ ከስምንት ነኝ፣ ከሁለት ነኝ?»

እኛ ኩሬ ስንወርድ ዓሣ የሚካፈለው ውኃ የገባው ብቻ አይደለም፤ ዳር የተቀመጠች አሮጊት፣ እግሩ የታመመ ሰው፣ ሁሉም ይደርሰዋል። ይህን ያስተማረችኝ እሷ ናት። ምሳሌውን ከእሷ ወስጄ እሷን የምናስወጣበት አደረግሁት። ማድረግ የነበረብኝ አንድ ቃል መናገር ነበር፤ ከሁለቱ ነሽ። «ጥያቄሽን በኋላ ቢሮ እመልስልሻለሁ፣ አክስቴ» አልኩ። ሰብሳቢው አመሰገኗትና ወደሚቀጥለው አጀንዳ ተሻገሩ። ቁጥሩ ጸደቀ፣ መብታችንም ጸና። ለስላሳና ሳንቡሳ ሲቀርብ ፈለግኳት፤ ቋጠሮዋን እንደያዘች ሄዳለች።

እስከ ታኅሣሥ አጋማሽ ቤቷ አልሄድኩም። ምክንያት አላጣሁም ነበር። ለራሴ፣ ወረቀቷን ይዤ ካልሄድኩ ምን ብዬ እገባለሁ አልኩ። በመብቴ ሃያ አክሲዮን ገዛሁ። ከተሰበሰቡት ሰርተፍኬቶች መሐል ፈልጌ ፈልጌ የእሷኑ ቁጥር አወጣሁና በእሱ ሰርተፍኬት አሠራሁ፣ ከ3141 እስከ 3160። በስሟ አዛውረዋለሁ፣ ነገሩ ያልቃል። አንድ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ሄድኩ። ማንጎው ሥር በረዶው ወንበር ላይ አስቀመጠችኝ፤ በዚያን ቀን ግን ቀልዷን አልተናገረችም። ሁሉንም ነገርኳት። ቅጹ ሽያጭ እንደነበረ፣ ያኔም በጥርም እያወቅሁ ዝም እንዳልኩ፣ ባንክ ብር እንደነበረኝ። አቋርጣኝ አታውቅም፣ አላቋረጠችኝም። ስጨርስ መነጽሯን አድርጋ መጽሐፍ ቅዱሷን ገለጠችና ቁጥሩን አመሳከረች። ያው ነው። ከዚያ ገብታ ቋጠሮውን አመጣች፤ ሃያ ሁለት ሺህ ሞልቷል። በቆሎ፣ ማንጎ፣ ልጇ ድኖ የላከላት።

«አንቺ ስንት ከፈልሽበት?» አለችኝ።

«ሃያ ሺህ።»

«ማኅበሩ ለእኔ ሃያ ሁለት ሰጠኝ። ያንኑ ለአንቺ በሃያ ሰጠሽ።» ትንሽ አሰበች። «ሁለቱን ሺህ ማን ከፈለው?»

ሦስት ዓመት ሙሉ በደቃቅ ፊደል የቀበርኩትን ነገር ወለል ስታጥብ የኖረች ሴት በአንድ ጥያቄ አወጣችው። ያውም ሁለቱ ሺህ ትንሹ ነው። የዚያን ሰሞን አንድ ነጋዴ ለአንዱ አክሲዮን አንድ ሺህ አምስት መቶ ብር እያቀረበ ነበር፤ እውነተኛው ልዩነት አሥር ሺህ ብር ነው። ይህንንም ነገርኳት፣ ከእንግዲህ የምደብቀው የለኝም። የከፈሉት ያጨበጨቡት ናቸው አልኳት። የሚበልጠውን ግን በሐምሌ የሄዱት ናቸው የከፈሉት። ሰርተፍኬቱን አጣጥፋ መልሳ ጉልበቴ ላይ አስቀመጠችው። ውሰጂው፣ ያንቺ ነው ብዬ ለመንኳት።

«በአዳራሽ የጠየቅሁሽን በአዳራሽ መልሺልኝ» አለች። «እስከዚያ አንቺ ጋ ይቀመጥ።»

ዓመቱን እንዴት እንደኖርኩት አላወራም። ያሳደገችኝ ሴት መያዣ መሳቢያዬ ውስጥ ነበር፣ በየቀኑ አየዋለሁ። የዘንድሮውን ሒሳብ ስዘጋ ግን ማስታወሻ አሥራ አራትን ከመጨረሻው ገጽ አንሥቼ ከደመወዝ ሥር ወጪ አድርጌ አስገባሁት፤ የባለፉትንም ዓመታት አስተካከልኩ። የአንድ አክሲዮን ትርፍ አጠገብ ጠቅላላ ትርፉንና የአክሲዮኑን ብዛት፣ አምናንና ዘንድሮን ጎን ለጎን፣ እኩል በሆነ ፊደል ጻፍኩ። ሥራ አስኪያጁ ሦስት መቶውን ከገዛ ቆይቷል። ረቂቁን አንብቦ እህቴ፣ በገዛ እጅሽ ራስሽን ሌባ ልታስብዪ ነው አለኝ። ስሙን እኔ አላወጣሁትም፣ የሰው ዕቃ የሚያስቀርን ቤታችን ድሮም እንዲያ ይለዋል አልኩት። አሁን በመዘምራን መሐል እሱ በአንድ ጫፍ፣ እኔ በሌላው ጫፍ ነው የምንቆመው።

ጉባኤው ኅዳር ላይ ተደረገ። አክስቴ አባል ስላልሆነች የራሴን ውክልና ጻፍኩላትና በእሱ ገባች፤ በሩ ላይ ዝርዝሩ ታይቶ። ተራዬ ሲደርስ ተነሣሁ። በአማርኛ ጀመርኩ፣ አስተርጓሚዎቹ ተከተሉኝ። ባለፈው ዓመት አንዲት እናት ከስምንቱ ነኝ ወይስ ከሁለቱ ብለው ጠይቀውኝ አልመለስኩም፤ ከሁለቱ ነበሩ፣ ያስወጣኋቸውም እኔ ነኝ አልኩ። ዓሣው የቀነሰው ኩሬው ነጥፎ አይደለም፣ መረቡን የምንጠግንበትን ብር ሰው ለማስወጣት ስላዋልነው ነው አልኩ። ለእኛ ለሦስታችን የተከፈለንን በብር ተናገርኩ። ማንም አላጨበጨበም። ከኋላ አንድ ባለሱቅ ታዲያ የዘንድሮ ድርሻችን ስንት ነው ብሎ ጠየቀ፤ ነገርኩት፣ ጻፈው።

ሲያልቅ ወደ አክስቴ ሄጄ ሰርተፍኬቱን ዘረጋሁላት። ተቀበለችኝ፤ ቋጠሮዋን ፈታ ሃያ ሺህ ቆጥራ ሰጠችኝና ሁለቱን ሺህ ሄዳ ለማኅበሩ ገንዘብ ያዥ ከፈለች፣ ደረሰኝም ጠየቀች። ከዚያ ተመልሳ መጥታ አዳራሹን ዞር ዞር ብላ አየችው። ሰው ሳንቡሳውን እየበላ ነበር።

«ደህና መለስሽ» አለችኝ። «የሄዱት ግን እዚህ የሉም። የት ሆነው ይስሙሽ?»

እውነቷን ነው። አክሲዮናቸውን የሸጡት አባል አይደሉም፣ ጥሪ አይደርሳቸውም። የተናዘዝኩት ለተጠቀሙት ነው። የስም ዝርዝራቸው መሳቢያዬ ውስጥ አለ፣ ከአክስቴ ሌላ መቶ አሥራ ሰባት ሰው፤ ግማሾቹ ጎረቤቶቼ ናቸው፣ ቤታቸውን አውቀዋለሁ። እስካሁን የአንዳቸውንም በር አላንኳኳሁም።